ብልጭ ድርግም የሚለው የሌሊት ታይምላፕስ፦ የትኛው መላ ለየትኛው ሌሊት?

ባሕር ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ጣሪያ ላይ ነኝ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ። ታይምላፕስ እያነሳሁ ነው፤ በየተወሰነ ጊዜ የተነሱ ፎቶዎች ተገጣጥመው በፍጥነት የሚሮጥ ቪዲዮ ይሆናሉ። ካሜራው ፊቱን ወደ ከተማው አዙሮ በየ20 ሰከንዱ ‹ቀጭ› ይላል። እኔ ጋቢ ተከናንቤ ከፔርሙስ ሻይ እቀዳለሁ። በመሃል መብራት ድርግም አለ። ሰፈሩን ጨለማ ዋጠው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሰ።

ቤት ገብቼ ፎቶዎቹን ስገጣጥም የጠበቅኩት ከተማው ጠፍቶ ሲበራ ማየት ነበር። ያየሁት ሌላ ነው። መብራት በሄደበት ሩብ ሰዓት ካሜራው ጨለማውን ቀን ሊያደርገው ሲታገል ሰማዩ ወተት መሰለ። መብራት ሲመለስ ደግሞ ሰማዩ ወደ ወይን ጠጅ ሄደ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ ነገር ነካው። መብራት ምንም ባልሆነበት ሰዓት እንኳ አንዱ ፍሬም፣ ማለትም አንዱ ፎቶ፣ ከቀጣዩ በትንሽ በትንሹ ይለያል። ቪዲዮው ሊቃጠል እንደደረሰ አምፖል ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ይላል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ እዚያው ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ያኔ ሁሉንም ነገር በእጄ ቆልፌ ነው። መብራትም እንደ ልማዱ ሄደ። በዚህኛው ቪዲዮ ከተማው ጥፍት ሲል ከጣሪያዎቹ በላይ ኮከቦቹ በአንድ ጊዜ ብቅ አሉ። ሁለት ሰከንድ አይሞላም። እስከ ዛሬ ካነሳሁት ሁሉ እሱን እወዳለሁ።

ካሜራው ያው፣ ጣሪያው ያው፣ የመብራት ነገርም ያው። የተለየው ብርሃኑን ማን እንደወሰነ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የምሠራው በአንድ ሐሳብ ነው፦ ካሜራው የፈጠረውን ብልጭታ አጠፋለሁ፣ ሌሊቱ ራሱ ያመጣውን ግን አልነካም። ከታች የማወዳድራቸው መላዎች ሁሉ የሚመዘኑት በዚህ ነው።

መጀመሪያ በሽታውን መለየት

ብዙ ሰው ቪዲዮው ሲብለጨለጭ ቀጥታ ሶፍትዌር ፍለጋ ይሄዳል። ቆይ። መጀመሪያ የፎቶዎቹን መረጃ ክፈቱ። የሸተር ፍጥነቱ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) እና አይኤስኦው (ለብርሃን ያለው ስሜት) ከፍሬም ፍሬም ይለያያል? እንግዲያው ጥፋቱ የአውቶ ነው። ቁጥሮቹ ሁሉ አንድ ሆነው ብርሃኑ ግን ከፍ ዝቅ ይላል? ሌንሱን ጠርጥሩ። ብርሃኑ ልክ ሆኖ ቀለሙ ብቻ ይንሸራተታል? አውቶ ዋይት ባላንስ ነው፤ ካሜራው ቀለሙን በራሱ የሚያስተካክልበት። ምስሉ ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ይሄዳሉ? የመንገድ መብራቱና የሸተሩ ፍጥነት አልተግባቡም። የምስሉ አንድ ጥግ ብቻ ከበራ ደግሞ የውጭ እንግዳ ብርሃን ነው፤ የመኪና ፍሬቻ፣ የሰው ባትሪ፣ መብረቅ።

ስለ ሰው ባትሪ አንድ ነገር ላውራ። በዚያው ጣሪያ ላይ የሕንፃው ዘበኛ ሽማግሌ ናቸው። የካሜራው ‹ቀጭ› ‹ቀጭ› ግራ ገብቷቸው ወጡ። «ልጄ፣ ምን እየቆጠርክ ነው?» አሉኝ። «ኮከብ ነው አባባ» አልኳቸው። «ታዲያ በዚህ ጨለማ ምን ይታይሃል፣ ቆይ ላብራልህ!» ብለው ባትሪያቸውን ፊት ለፊት ለቀቁት። ሦስት ፍሬም ነጭ ሆነ። ለእንደዚህ ያለው መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የተበላሹትን አውጥቶ መጣል። ከ300 ውስጥ ሦስት ቢጎድሉ ማንም ልብ አይልም። ኮከቦቹ በትንሹ ዘለል ይላሉ እንጂ ዓይን ይለምደዋል።

አሁን ወደ ዋናው ምርጫ።

ብርሃኑን ማን ይወስን?

ሦስት መንገድ አለ። ሙሉ አውቶ፣ ሙሉ ማንዋል፣ ወይም ደረጃ በደረጃ እየቀየሩ መሄድ።

አውቶ ማለት አብዛኛውን ጊዜ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) እናንተ መርጣችሁ ቀሪውን ለካሜራው መተው ነው። ምቾቱ አያጠያይቅም። ካሜራውን አስቀምጦ እራት መብላት ይቻላል። ችግሩ ካሜራው እያንዳንዱን ፍሬም እንደ አዲስ ያየዋል። የቀደመውን አያስታውስም። አንድ ባጃጅ መብራቱን አብርቶ ካለፈ ያንን ፍሬም ያጨልመዋል፤ ባጃጁ ሲያልፍ መልሶ ያበራዋል። በዚያ ላይ ጨለማው ሲበረታ የብዙ ካሜራዎች መለኪያ ራሱ ግምት ውስጥ ይገባል። አንዳንድ ካሜራ ይህን የሚያለዝብ ነገር አለው። ኒኮን ላይ በኢንተርቫል ሜኑ ውስጥ ኤክስፖዠርን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) የሚያለሰልስ ምርጫ አለ። ሶኒ ላይ ደግሞ ካሜራው ለብርሃን ለውጥ ቶሎ እንዲደነግጥ ወይም ቀስ እንዲል የሚያደርግ ምርጫ አለ። ካላችሁ ክፈቱት፤ ሶኒው ላይ ዝቅተኛውን ምረጡ። ብልጭታውን ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም።

ማንዋል ማለት ሸተር፣ አፐርቸር፣ አይኤስኦ፣ ዋይት ባላንስ፣ ፎከስ ሁሉም ተቆልፎ ነው። ሌሊቱ አንዴ ከገባ በኋላ ለምትጀምሩት ማንኛውም ነገር ምርጫዬ ይኸው ነው። ያለ ክርክር። ጨረቃ በሌለበት ሌሊት የሰማዩ ብርሃን ለሰዓታት ብዙም አይለወጥም፤ ታዲያ ካሜራው ምን ይለውጣል? መነሻ ቁጥር ለሚፈልግ፦ አፐርቸር ኤፍ 2.8፣ ሸተር 15 ወይም 20 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 3200። ሸተሩን ከዚህ በላይ ብታስረዝሙት ኮከቦቹ ከነጥብነት ወደ ጭረትነት ይሄዳሉ። በፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ እንደ ድሮው ፊልም ስፋት የሆነ) 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር ማካፈል ነው፤ በ24 ሚሊሜትር ሌንስ 20 ሰከንድ ገደማ ይወጣል። ማንዋል የሚከዳችሁ ጨረቃ በመሃል ከወጣች ነው። ስለዚህ ጨረቃ መቼ እንደምትወጣ ሳያዩ ከቤት አለመውጣት።

ሦስተኛው መንገድ የፀሐይ መጥለቂያን ከኮከብ ጋር በአንድ ቪዲዮ ለሚፈልግ ነው። ሁሉም የሚመኘው፣ ግማሹ የሚያበላሸው እሱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛ አገር ምሽት እንደ ውጭዎቹ ቪዲዮ አስተማሪዎች ምሽት አይደለም።

ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ናት። እዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ እንደ አውሮፓ አግድም እየተንሸራተተች አትሄድም። ጥር ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች። 1 ሰዓት ከ40 ሲል ሰማዩ ድቅድቅ ብሏል። በመሃል ያለው 75 ደቂቃ አካባቢ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ1/500 ሰከንድ በአይኤስኦ 100 ተነስታችሁ እስከ 15 ሰከንድ በአይኤስኦ 3200 መድረስ አለባችሁ። ይህ 18 ስቶፕ ነው። አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነውና በአማካይ በየ4 ደቂቃው ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ከሰሜን አውሮፓ የመጣ መመሪያ ‹ዘና ብላችሁ በየ10 ደቂቃው አስተካክሉ› ቢላችሁ አትስሙት። ጣና ዳር በ10 ደቂቃ ውስጥ ምስሉ ጥላሸት ይሆናል።

በእጅ ሲሠራ እንዲህ ነው። አፐርቸሩን አትንኩት። ሂስቶግራሙን (የፎቶውን ጨለማና ብርሃን የሚያሳየውን ግራፍ) እያያችሁ ወደ ግራ፣ ወደ ጨለማው ሲሄድ ሸተሩን በአንድ ሦስተኛ ስቶፕ አስረዝሙት፤ አንድ ሦስተኛ ማለት የመደወያዋ አንዲት ‹ቀጭ› ናት። ሸተሩ 15 ሰከንድ ሲደርስ ወደ አይኤስኦ መዞር። በሁለት ፎቶ መካከል ባለው እረፍት ነው የሚነካው፤ ሸተሩ ክፍት እያለ ከነካችሁ ያ ፍሬም ይንቀጠቀጣል። የሸተሩ ርዝመትም ከፎቶዎቹ ክፍተት ማነስ አለበት። ክፍተቱ 20 ሰከንድ ከሆነ 15 ሰከንድ ሸተር በቂ እረፍት ይሰጣል፤ ሸተሩም 20 ሰከንድ ከሆነ ግን ካሜራው አንዱን ፎቶ ይዘላል። በእጅ የመቀየሩ ውጤት ደረጃ ደረጃ የሆነ ቪዲዮ ነው፤ ብርሃኑ ቀስ እያለ ይጨልማል፣ ከዚያ ቦግ ይላል፣ መልሶ ይጨልማል። አትደንግጡ። ደረጃው የታወቀ ነው፣ መጠኑም በፎቶው መረጃ ውስጥ ተጽፏል። ኮምፒውተር ላይ የሚስተካከለው ከሁሉም በቀለለ ይኸኛው ነው። የአውቶው ብልጭታ ግን ሥርዓት የለውም።

በስልክ ወይም በትንሽ መሣሪያ ካሜራውን ይዞ ይህን ሥራ ራሱ የሚሠራ ነገርም አለ። ያለው ሰው ይጠቀም። እኔ አንድ ጊዜ ተውሼ ሞክሬ መሃል ላይ ግንኙነቱ ተቋርጦ ስልኩ ዝም አለ፤ ካሜራው የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ቀረና የቀረው ሰዓት ሁሉ ጨለማ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በጣቴ ነው የማምነው። ሌላ ሰው ሌላ ይላችሁ ይሆናል።

ቀለሙ ለምን ይሸሻል?

አውቶ ዋይት ባላንስን ለሌሊት ታይምላፕስ የሚመክር ሰው ካገኛችሁ ሌላ ምክሩንም ተጠራጠሩ። ካሜራው በየፍሬሙ ‹ነጭ የቱ ነው?› ብሎ ይጠይቃል። ከተማ ውስጥ መልሱ በየደቂቃው ይለያያል።

ለምን? አንድ መንገድ ቁሙና ተመልከቱ። የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርቱካናማ፣ ሲበዛ ሰማያዊ። አሮጌው የሶዲየም መብራት ብርቱካናማ ነው፤ 2,000 ኬልቪን አካባቢ። ከጎኑ የተተከለው አዲሱ ኤልኢዲ ነጭ ነው፤ 4,000 ወይም 5,000 ወይም ከዚያ በላይ። የሱቁ በረንዳ ላይ ያለችው የድሮ አምፖል 2,700 ገደማ። ጨረቃ ከወጣች 4,100 አካባቢ ትጨምራለች። መብራት ሲሄድ ብርቱካኑ ይጠፋና ጀነሬተር ያለው ሕንፃ ብቻ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ካሜራው ይህን ሁሉ ለማስታረቅ ሲሞክር ነው ሰማዩ ወይን ጠጅ የሚሆነው።

ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው በኬልቪን ቆልፎ በጄፔግ (ካሜራው ራሱ አቀናብሮ በሚያስቀምጠው ፋይል) ማንሳት። ሁለተኛው በኬልቪን ቆልፎ በሮው (ባልተቀናበረው ጥሬ ፋይል) ማንሳት። ልብ በሉ፣ በሁለቱም ቆልፈናል። ሮው ስታነሱ ዋይት ባላንሱ ፎቶው ውስጥ አይጋገርም፤ በኋላ መቀየር ይቻላል። ‹ታዲያ ለምን ልቆልፍ?› የሚል አይጠፋም። ምክንያቱም አውቶ ካደረጋችሁት እያንዳንዱ ፎቶ የተለያየ ቁጥር ይዞ ኮምፒውተሩ ላይ ይደርሳል፤ ለማየትና ለማወዳደር ያስቸግራል። አንድ ቁጥር ሲሆን አንዱን አስተካክሎ ለሁሉም መገልበጥ ነው።

የቦታ ጉዳይ ካልሆነ ሮው ይሻላል። ጄፔግ ለአንድ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አለው። ሮው እንደ ካሜራው 4,096 ወይም 16,384። የሌሊት ሰማይ ደግሞ የሚኖረው በጨለማው ጥግ፣ ጥቂት ደረጃዎች ውስጥ ነው። ጄፔጉን በኋላ ሲያበሩት ሰማዩ እንደ ደረጃ ይሸነሸናል። የሮው ዋጋው ካርድ ነው። አንዱ 25 ሜጋባይት ቢሆን 250 ፎቶ ከ6 ጊጋባይት በላይ ይይዛል፤ ይህ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲጫወት 10 ሰከንድ ቪዲዮ ብቻ ነው። በየ20 ሰከንዱ አንድ ከሆነ ደግሞ ለዚያች 10 ሰከንድ 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ቆማችኋል። ሻይው በከንቱ አልተፈላም።

ስንት ኬልቪን? ከተማ ለሚያይ 3,400 አካባቢ እጀምራለሁ፤ ገጠር ለሚያይ ሰማይ 3,900። የሶዲየሙ ብርቱካን እንዲጠፋ ብላችሁ ወደ 2,000 አታውርዱት። ሶዲየም የሚለቀው ቀለም በጠባቡ ብርቱካንና ቢጫ ላይ የተከማቸ ስለሆነ በምንም ማስተካከያ እውነተኛ ነጭ አይወጣለትም። ያኔ የምታገኙት ከሰማያዊ ኮከብ ጋር የታመመ ግራጫ ከተማ ነው። ከተማው ብርቱካን ይሁን። ባሕር ዳር በሌሊት ለዓይንም እንደዚያው ነው።

ከፀሐይ መጥለቅ እስከ ሌሊት ለሚሄደው ቪዲዮ ብቻ ቀለሙ መለወጥ አለበት። በ5,500 የተጀመረ መጥለቂያ በዚያው ቁጥር ሌሊት ከገባ የከተማው ሰማይ ዝገት ይመስላል። በሮው ከተነሳ መጀመሪያውን 5,500፣ መጨረሻውን 3,900 አድርጎ በመሃል ያለውን ቀስ በቀስ ማሻገር ነው። ይህን የምሠራው ኮምፒውተር ላይ እንጂ ካሜራው ላይ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። በገጠር ሰማይ ከአድማስ በላይ አረንጓዴ ነገር ብታዩ ካሜራችሁ አልተበላሸም። የላይኛው ከባቢ አየር ራሱ የሚለቀው ደካማ ብርሃን ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ሁለት ቀን ሙሉ ቀለሙን ላጥብ ስታገል ነበር።

ሌንሱ ያለ ስም የሚያጠፋው ጥፋት

ሁሉም ተቆልፎ ግን አሁንም ትንሽ ይርገበገባል? የአፐርቸሩ ምላጮች ናቸው። አብዛኛው ዘመናዊ ሌንስ በእያንዳንዱ ፎቶ ምላጮቹን ይዘጋል፣ ይከፍታል። በየጊዜው ግን በትክክል እዚያችው ቦታ ላይ አይቆሙም። ለአንድ ፎቶ ልዩነቱ አይታይም። 300 ፎቶ በ12 ሰከንድ ሲሮጥ ይታያል።

አራት መላ አለ። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ማንሳት አንዱ ነው። ምላጮቹ የሚንቀሳቀሱበት ምክንያት ስለሌለ ብልጭታው ይጠፋል። ሌሊት አብዛኛውን ጊዜ የምንከፍተው ስለሆነ ችግሩ ሳናውቀው ይፈታል። ቅሬታው ጥጎቹ ላይ ያሉት ኮከቦች ክንፍ ያወጣሉ። እኔ ግን እቀበለዋለሁ፤ ክንፍ ያለው ኮከብ ከሚርገበገብ ሰማይ ይሻላል።

ሁለተኛው አፐርቸሩ በእጅ የሚዞር የድሮ ሌንስ ነው። ቀለበቱን አዙረህ ታቆመዋለህ፣ እዚያው ይቆማል። ከድሮ ፎቶ ቤት ወይም ከዘመድ ቁምሳጥን የወጣ ሌንስ በርካሽ አስማሚ ቀለበት ሲገጠም ለዚህ ሥራ ከአዲሱ ይበልጣል። እኔ በዋናነት የምጠቀመው እሱን ነው።

ሦስተኛው የካኖን ኢኤፍ ሌንስ ያላቸው የሚያውቁት ዘዴ ነው። የጥልቀት ማሳያውን ቁልፍ ተጭኖ፣ የሌንስ መፍቻውን ይዞ፣ ሌንሱን ጥቂት ማዞር። ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ ምላጮቹ በተዘጉበት ይቀራሉ። ካሜራው የአፐርቸሩን ቁጥር 00 ብሎ ያሳያል። ይሠራል። ግን ሌንሱ ግማሽ ተፈትቶ ነው የቆመው። በጣሪያ ጫፍ ላይ አልመክርም።

አራተኛው ምንም ሳያደርጉ በኋላ ሶፍትዌር ላይ መተው ነው። የአፐርቸር ብልጭታ ጥቂትና ሥርዓት የሌለው ስለሆነ ሶፍትዌር በደንብ ያጠፋዋል። በቀን ብርሃን ሌንሱን ለመዝጋት ለተገደደ ሰው ይበቃዋል።

ከሌንስ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉድ ጤዛ ነው። ጣና ዳር ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ መስታወቱ ላይ ቀስ ብሎ ይተኛል። ብርሃኑ እየደበዘዘ፣ መብራቶቹ ዙሪያቸው ጸጉር እያበቀሉ ይሄዳሉ። ሰው ‹ቀለሙ ተለወጠ› ይላል፤ ጤዛ ነው። በፓወር ባንክ የሚሠራ የሌንስ ማሞቂያ ቀበቶ አለ። ከሌለ ሌንሱን በካልሲ ጠቅልሎ ማሞቅ ትንሽ ያዘገየዋል። በየሩብ ሰዓቱ በጨርቅ መጥረግ ግን ከጤዛው የባሰ ነው፤ ካሜራው ይነቃነቃል።

የመንገድ መብራትና 50 ኸርዝ

አጭር ነገር ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ብዙ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይበራል፣ ይደበዝዛል። ሸተራችሁ ለ10 ሰከንድ ከተከፈተ 1,000 ምት ይሰበስባል፤ ልዩነት የለም። አመሻሽ ላይ ግን በ1/200 ካነሳችሁ አንዱ ፎቶ ምቱን ከፍ ሲል፣ ሌላው ዝቅ ሲል ይይዘዋል። ከተማ ሲታይ ሸተሩን 1/100፣ 1/50 ወይም 1/25 ላይ ማቆየት። በአመሻሹ ብርሃን ለዚህ ካልቻላችሁ ኤንዲ ፊልተር፣ ማለትም ሌንሱ ላይ የሚገጠም ብርሃን ቀናሽ ጥቁር መስታወት። ስልክ የምትጠቀሙ ሰዎች ሜኑ ውስጥ ፀረ ብልጭታ የሚል ምርጫ ካለ 60 ሳይሆን 50 አድርጉት። ይኸው።

ኮምፒውተር ላይ፦ በነፃ ወይስ በክፍያ?

ኤልአርታይምላፕስ ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው። ከላይትሩም (ከአዶቤ የፎቶ ማቀናበሪያ) ጋር ይሠራል። በእጅ የቀየራችሁትን ደረጃ ሁሉ ከፎቶው መረጃ አንብቦ ያለሰልሰዋል፤ ዋይት ባላንሱን ከመጥለቂያው እስከ ሌሊቱ ያሻግረዋል፤ የቀረውን ብልጭታ ያጠፋል። ለግል ጥቅም ያለ ክፍያ ሲሠራበት በአንድ ቪዲዮ እስከ 400 ፎቶ ይቀበላል፤ ለአብዛኞቻችን ይበቃል። ላይትሩሙ ግን የወር ክፍያ ነው። ከእኛ አገር በካርድ መክፈል ራሱን የቻለ ታሪክ ስለሆነ ውጭ ዘመድ የሌለው ሰው ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

ሌላው መንገድ ዳርክቴብል የሚባለው የሮው ፎቶ ማቀናበሪያ ነው። ነፃ ነው። ኤክስፖዠሩ ውስጥ አውቶማቲክ የሚል ምርጫ አለ፤ ሮው ፎቶዎችን ወደ አንድ የብርሃን ልክ ያመጣል። ለጥቃቅን ብልጭታ ጥሩ ነው። ፀሐይ መጥለቂያን ለማሻገር ግን ትዕግስት ይጠይቃል፤ ሁሉንም ወደ አንድ ልክ ስለሚጎትት ሌሊቱን ቀን ማድረግ ይወዳል።

ቪዲዮው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ብልጭታ ለማጥፋት ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው፣ በጽሑፍ ትእዛዝ በሚሠራው የቪዲዮ ፕሮግራም ውስጥ ነፃ ማጣሪያ አለ። የጎረቤት ፍሬሞችን ብርሃን አማካይ ወስዶ ያስተካክላል፤ ካልነካችሁት አምስት ፍሬም ነው የሚያየው። ትእዛዝ መጻፍ ለማይፈራ ሰው ይሆናል። የቪዲዮ ማቀናበሪያው ዳቪንቺ ሪዞልቭም ውስጥ አለ፣ ግን በሚከፈልበት ስቱዲዮው ላይ ብቻ ነው። ነፃውን አውርዳችሁ ስታጡት እንዳትበሳጩ።

ምርጫዬን ብጠየቅ፦ ሌሊት ብቻ ከሆነና ማንዋል ከተነሳ ምንም አያስፈልግም፤ ማንኛውም ቪዲዮ ማቀናበሪያ ይገጣጥመዋል። ከመጥለቂያ እስከ ሌሊት ከሆነ ኤልአርታይምላፕስ፣ ሌላው ድካም ነው። አውቶ ተነስቶ የተበላሸ የድሮ ሥራ ለማዳን ደግሞ በኤፍኤፍኤምፔግ ሞክሩ፤ ግማሹን ያድናል።

እነዚህ ሁሉ አንድ ጉድለት ይጋራሉ። ብልጭታው ከየት እንደመጣ አያውቁም። ያንን የመጀመሪያውን የጣሪያ ቪዲዮ ማጥፊያ ውስጥ ሳስገባው መብራት የሄደበትን ቅጽበት ‹ስህተት› ብሎ ሊያለሰልሰው ሞከረ። ከተማው ድርግም በማለት ፈንታ እንደ ሻማ ቀስ ብሎ ቀለጠ። ውሸት ሆነ። እንደዚህ ሲሆን ቪዲዮውን ከመብራቱ በፊትና በኋላ ቆርጦ ለየብቻ ማጽዳት፣ ከዚያ መልሶ መስፋት ነው።

ለየትኛው ሌሊት የትኛው?

ባሕር ዳር ሆናችሁ ወደ ሐይቁ ካያችሁ ወደ ሰሜን ነው የምታዩት። ከተማው ከኋላችሁ ነው። የሰሜን ኮከብ ከውሃው በላይ 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንድ ጭብጥ ከፍ ብትል ነው። ሌሎቹ ኮከቦች በእሷ ዙሪያ ሲዞሩ ውሃው ውስጥም ይታያሉ። ቀለም አያስቸግርም፤ ማንዋል፣ 3,900 ኬልቪን፣ የተከፈተ ሌንስ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ፍኖተ ሐሊብን ከፈለጋችሁ ግን መሃሉ በደቡብ ነው፤ ማለትም ከከተማው መብራት በላይ። የቀለሙ ፈተና ሁሉ እዚያ ነው። ሌሊት ውጭ መቆየት እንደ ልብ በማይሆንበት ጊዜ ደግሞ የራስ በረንዳ ይበቃል፤ የመብራቱ ነገር ራሱ ታሪክ ይሠራላችኋል።

እንጅባራ አጠገብ ዘንገና ሐይቅ አለ። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ክብ ውሃ፣ ዙሪያው ዛፍ። የከተማ መብራት የለም ማለት ይቻላል። እዚያ የሚያብለጨልጭ ነገር ከኖረ ከካሜራው ብቻ ነው። አዲስ ሌንስ ወይም አዲስ ካሜራ ለመፈተን እዚያ ነው የምሄደው። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሰማዩ የበለጠ ንጹሕ ነው፤ ግን ባትሪ በብርድ ቶሎ ይሞታል። ትርፍ ባትሪ ከጋቢ ውስጥ፣ ደረት ላይ።

ከተራ ግን ሌላ ነው። ጥር 10 ሌሊት፣ ታቦቱ ውሃ ዳር አድሮ ሕዝቡ ከጧፍና ከመዝሙር ጋር ያድራል። መጀመሪያ ካህናቱን ማስፈቀድ፣ ትራይፖዱን ሰው በማይረግጠው ጥግ ማቆም፣ የካሜራውን ስክሪን ማጥፋት። ሸተሩን 2 ሰከንድ፣ አይኤስኦን 1600፣ ዋይት ባላንሱን 2,800 አካባቢ አድርጉ። ጧፍ ከ2,000 ኬልቪን በታች ስለሆነ በ2,800 ሞቅ ያለ ወርቅ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ቤት ስትገቡ ያንን የብልጭታ ማጥፊያ አትክፈቱት። ጧፉ በነፋስ ይወዛወዛል፣ አንዱ ይጠፋል፣ ጎረቤቱ ያቀጣጥልለታል። ባለፈው ዓመት ካነሳሁት ውስጥ ፍሬም 214 ላይ የአንዲት እናት ጧፍ ጠፋ። 215 ላይ ጨለማ ነው። 216 ላይ ከጎን አንድ እጅ መጥቷል፣ 217 ላይ ነጠላዋ ሁሉ በርቷል።